ቦታ ያዥ

እታለም የደወለችልኝ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ጊዜው 2016 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሁለት ወር አልፎታል። ስለዚህ ፎቶ የለም፣ ቪዲዮ የለም። ያለው ድምፅ ብቻ ነው፣ እሱም እየተቆራረጠ።

«ሚጣ ጥርሷን አሟት ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች» አለችኝ። «ነገ ወስጄ አስነቅልላታለሁ።»

«የትኛው ጥርስ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! የታች፣ ወደ ኋላ ያለው። የወተት ጥርስ አይደል እንዴ? ሌላ ያበቅል የለ?»

አዲስ አበባ፣ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ፣ ላፕቶፔ ፊት ቁጭ ብዬ ይቺን አረፍተ ነገር ስሰማ ሆዴ ባባ። «የወተት ጥርስ አይደል እንዴ?» ከሃያ ዓመት በፊት ኮሶበር፣ ያውም ቆሰበር ብለን በምንጠራት ከተማ፣ እናቴ ስለ እኔ ጥርስ ቃል በቃል ይህንኑ ብላ ነበር። የዚያች ቀን ውጤት እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ አለ።

እስቲ ከአፌ ልጀምር።

የግራ የላይኛው ክራንቻዬ ከሰልፉ ውጭ ነው ያለው። ከሌሎቹ ጥርሶች በላይ፣ ከድዱ ወደ ፊት ወጥቶ፣ በሰው ላይ ተደርቦ እንደሚቆም ተሰላፊ። ትምህርት ቤት «ድርብ» ይሉኝ ነበር። ስስቅ እጄን አፌ ላይ የማድረግ ልማድ መቼ እንደጀመርኩ አላውቅም፤ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግን ጓደኞቼ አስመስለው ይቀልዱብኝ ስለነበር፣ ከዚያ በፊት መሆኑን አውቃለሁ። የኢንጂነሪንግ ዲግሪዬን ስቀበል የተነሳሁት ፎቶ ላይ ከንፈሬ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። እናቴ ፎቶውን ሳሎን ሰቅላዋለች። እንግዳ ሲመጣ «ምን አስኮረፈው?» ይላል።

ሥራ ስጀምርም ያው ነው። ስብሰባው በኦንላይን ሲሆን ካሜራዬ «ተበላሽቷል»። ሁለት ዓመት ሙሉ የተበላሸ ካሜራ! ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ እያልኩ።

ለዚህ ሁሉ በልቤ ተጠያቂ ያደረግኳት እናቴን ነበር። በአፌ ተናግሬው አላውቅም። ግን ሰባት ዓመቴ ላይ ጥርሴን ያስነቀለችኝ እሷ መሆኗን፣ በዚያ በኩል ያለው ጥርስ ብቻ መበላሸቱን አውቅ ነበር። ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር ግን አይታየኝም ነበር። መስመሩን ያገኘሁት ኮድ ስጽፍ ነው።

*

ጓደኛዬ የአገሬ ልጅ ናት። አብረን ነው ያደግነው። እኔ ኢንጂነሪንግ ስገባ እሷ ጎንደር የጥርስ ሕክምና ገባች። አንድ ክረምት ላይ ደወለችና «የኦርቶዶንቲክስ ፈተና አለብኝ፤ ጥያቄና መልስ የሚያለማምድ ትንሽ አፕ ሥራልኝ፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ይሁን» አለችኝ። እኔም ቅዳሜና እሁድ የምጨርሰው መስሎኝ «ቀላል!» አልኳት።

ኦርቶዶንቲክስ ማለት የጥርስና የመንጋጋን አስተዳደግ፣ የላይኛውና የታችኛው ጥርስ አገጣጠምን፣ ሲዛባም ማስተካከልን የሚያጠና የሕክምና ዘርፍ ነው። ብሬስ የሚሉት ሽቦ የዚህ ዘርፍ መሣሪያ ነው። ትምህርቱ ግን ከሽቦው በፊት ረጅም መንገድ አለው። መጀመሪያ የሚማሩት ጥርስ መቼ፣ በምን ተራ እንደሚበቅል ነው።

እኔ ደግሞ እንደ ሙያዬ ነገሩን በዳታቤዝ አሰብኩት። የወተት ጥርስ 20፣ ቋሚ ጥርስ 32። ጥርስ ሐኪሞች ለእያንዳንዱ ጥርስ ባለ ሁለት አሐዝ ቁጥር ሰጥተዋል። የመጀመሪያው አሐዝ ከአፍ አራት ማዕዘናት የትኛው እንደሆነ ይናገራል፣ ሁለተኛው ከመሃል ጀምሮ ስንተኛ እንደሆነ። ቋሚዎቹ ከ11 እስከ 48፣ የወተቶቹ ከ51 እስከ 85 ናቸው። እንዴት ያማረ ሥርዓት ነው! እያንዳንዱን የወተት ጥርስ በቦታው ከሚተካው ቋሚ ጥርስ ጋር አገናኘሁና፣ የተረፉት ቋሚ ጥርሶች ላይ ፕሮግራሙ ስህተት አወጣብኝ። እኔም እንደ ሰነፍ ፕሮግራመር አስተካከልኩት፤ መንጋጋን ከመንጋጋ ጋር አዛመድኩ። የወተት መንጋጋ ሲወልቅ ትልቁ መንጋጋ ይተካዋል ብዬ።

ለጓደኛዬ ላክሁላት። ሳቋ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

«አንተ፣ የእናቶችን ሁሉ ስህተት በኮድ ጻፍከው እኮ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ በስድስት ዓመቱ ገደማ ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ በስተኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ አራት ትልልቅ መንጋጋዎች ያበቅላል። የስድስት ዓመት መንጋጋ ይሏቸዋል። ማንንም አይተኩም። ወላቂ ጥርስ ስላልቀደማቸው ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስሉታል፣ ሲቦረቦሩም «ይወልቃል» ብሎ ይተዋቸዋል። አይወልቁም! ዕድሜ ልክ የሚያገለግሉ ናቸው። የወተት መንጋጋዎችን የሚተኩት ደግሞ ቅድመ መንጋጋ የሚባሉት፣ ትንንሾቹ ናቸው፤ እነሱም የሚመጡት ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው።

ይህን ቁጥር ስትሰሙ አስሉት። ልጁ ሰባት ዓመቱ ላይ ሁለተኛውን የወተት መንጋጋ ቢነቀል፣ ተኪው የሚመጣው ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ቦታውን ማን ይጠብቃል?

ማንም። የስድስት ዓመቱ መንጋጋ በስተኋላ ቆሞ ወደ ፊት ይገፋል። ፊት ለፊቱ የሚይዘው ጥርስ ከሌለ ያጋድላል፣ ይንሸራተታል፣ ቦታውን ይወስደዋል። ትምህርት ቤት ሳለን ሰልፍ ላይ «ቦታ ያዥልኝ» ብለን ደብተር አስቀምጠን እንሄድ ነበር። የወተት ጥርስ ያ ደብተር ነው። ደብተሩን ያነሳህ ቀን ከኋላ ያለው ልጅ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ስትመለስ ቦታ የለህም።

*

ከዚህ በኋላ አፑ ቅዳሜና እሁድ የሚያልቅ ነገር አልሆነም። ጓደኛዬ የዊሊያም ፕሮፊትን መጽሐፍ ምዕራፍ በምዕራፍ ትልክልኛለች፣ እኔ ጥያቄ አደርገዋለሁ፣ እያደረግሁም እማራለሁ። ፈተናው የእሷ ነው፤ ሌሊት የማነበው ግን እኔ ሆንኩ።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ጥርስ የሚንቀሳቀስበት መንገድ ነው። እኔ ጥርስ እንደ ምሰሶ አጥንት ውስጥ የተተከለ ይመስለኝ ነበር። ጥርስ ግን አጥንቱን አይነካውም፤ በመካከላቸው ቀጭን የጅማት ሽፋን አለ፣ ጥርሱም በእሱ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። ቀስ ያለ፣ የማያቋርጥ ግፊት ሲመጣ፣ በተገፋበት በኩል አጥንት የሚበሉ ሕዋሳት አጥንቱን ይፈርሱታል፤ በተቃራኒው በኩል አጥንት የሚሠሩ ሕዋሳት አዲስ ይገነባሉ። ጥርሱ በዚህ መሃል ይሄዳል፤ በብሬስ ሲጎተት በወር አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ። ግድግዳውን ከፊት እያፈረሱ ከኋላ እየሠሩ ቤትን ከነሰዉ ማዛወር ማለት ነው። ጉልበት አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ብዙ ጉልበት ይጎዳዋል። የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው።

አንድ ቀን ስለ ክራንቻ ጥያቄ ስጽፍ ቆምኩ። የላይኛው ክራንቻ ከሌሎቹ ሁሉ ከፍ ብሎ፣ ከአፍንጫ አጠገብ ነው መፈጠር የሚጀምረው። ከሁሉም ረጅሙን መንገድ ተጉዞ 11 ወይም 12 ዓመት ላይ ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜ ከጎረቤቶቹ ዘግይቶ። የመጨረሻ መጤ ነው። ቦታ ከጠፋ የሚጎድልበት እሱ ነው።

ለጓደኛዬ ደወልኩ። «65 ቁጥር ቀድሞ ቢነቀል፣ 23 ቁጥር ከመስመር ሊወጣ ይችላል?»

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «የአንተ 65 መቼ ነው የተነቀለው?» አለችኝ። አፌን አብራኝ ስታይ ነው ያደገችው፤ ቀድማ አውቃ ይሆናል።

65 የግራ የላይኛው ሁለተኛ የወተት መንጋጋ ነው። ሰባት ዓመቴ ላይ ተነቀለ። 26፣ የስድስት ዓመቱ መንጋጋ፣ ወደ ፊት መጣ። ቅድመ መንጋጋዎቹ ተጨናንቀው ገቡ። መጨረሻ የመጣው ክራንቻዬ በሩ ተዘግቶ አገኘው፤ በግድግዳው ወጣ።

ኤድዋርድ አንግል የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1899 የንክሻ መዛባትን በሦስት ክፍል አስቀምጧል፤ ተማሪዎች እስከ ዛሬ በእሱ ይፈተናሉ። መለኪያው ይኸው የስድስት ዓመት መንጋጋ ነው። የላይኛው መንጋጋ የፊት የውጭ ጉብታ በታችኛው መንጋጋ የውጭ ሸለቆ ላይ ካረፈ፣ የመንጋጋው ግንኙነት ትክክል ነው፤ ጥርሶቹ ቢጣበቡና ቢጣመሙ እንኳ አንደኛ ክፍል ይባላል። የላይኛው ወደ ፊት ከቀደመ ሁለተኛ ክፍል፤ እኛ «ገጣጣ» የምንላቸው ብዙዎቹ እዚህ ናቸው። የታችኛው ከቀደመ ሦስተኛ ክፍል። መስታወት ፊት ቆሜ፣ ጉንጬን በማንኪያ ስቤ አየሁ። በቀኝ አንደኛ ክፍል፣ በግራ ሁለተኛ ክፍል። አንድ አፍ፣ ሁለት ታሪክ። በቀኝ በኩል ማንም ጥርስ አልነቀለም።

*

ሁሉ ነገር ግን ሕመም አይደለም። ይሄን መጽሐፉም አሳምሮ ያውቀዋል፣ እኛም እናውቀዋለን።

ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ያለ ልጅ የፊት ጥርሶቹ እንደ ማራገቢያ ተበታትነው፣ በመሃላቸው ክፍተት ይታያል። ወላጅ ይደነግጣል። ሐኪሞቹ ግን «አስቀያሚዋ የዳክዬ ጫጩት ወቅት» ይሉታል፤ ከላይ የሚወርዱት ክራንቻዎች የጎረቤቶቻቸውን ሥር ስለሚጫኑ ነው። ክራንቻዎቹ ሲወጡ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ በራሱ ይዘጋል። ያለ ጊዜው የሚገባ ሐኪም ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ሳይዘጋ ሲቀርስ? መጽሐፉ «ማስተካከያው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኛ አገር ግን ፍንጭት ውበት ነው፤ ስንት ቆንጆ በፍንጭቷ ተዘፍኖላታል። ለአፑ ይህን ጥያቄ ስጽፍ አራተኛ ምርጫ ጨመርኩ፦ «ባለቤቷ ከወደደችው ምንም።» ጓደኛዬ አጠፋችብኝ። በማግስቱ ግን መልሳ አስገባችው።

ሌላም ነገር አለ። የፊት አጥንትን በኤክስሬይ ለክቶ «ይህ ልክ ነው፣ ይህ ልክ አይደለም» የሚል የልኬት ጥናት አለ። ከመነሻዎቹ አንዱን ዊሊያም ዳውንስ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው ሲሆን የለካው ጥርሳቸው ያማረ 20 ነጭ ታዳጊዎችን ነበር። ሃያ! እኔ በሃያ ሰው የተሞከረ ሶፍትዌር ለደንበኛ አልለቅም። ከዚያ ወዲህ ለተለያዩ ሕዝቦች የተለያየ ልኬት እንደሚያስፈልግ ሙያው ራሱ ተቀብሎታል። ቢሆንም ኤክስሬይ ላይ ከንፈራችን ወጣ ብሎ ቢታይ፣ መጀመሪያ «ከማን አንጻር?» ብሎ መጠየቅ ደግ ነው።

*

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ለአያ ባጫውተው አይገርመውም ነበር። እሱ ጥርስ ማንበብ የሚያውቀው ከእኔ በፊት ነው።

የእኛ አገር የፈረስ አገር ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ከተማችን በፈረስ ትጥለቀለቃለች። አያ ደግሞ ገበያ ሲወጣ ፈረስ አይገዛም፣ አፍ ነው የሚገዛው። ሻጩ «አራት ዓመቱ ነው» ይላል። አያ መልስ አይሰጥም። የፈረሱን ከንፈር በአውራ ጣቱ ገለጥ ያደርግና ያያል። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሶቹን የሚቀይረው በተራ ነው፦ መሃለኞቹን በሁለት ዓመት ተኩል፣ ቀጣዮቹን በሦስት ተኩል፣ የዳሮቹን በአራት ተኩል ገደማ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜው የሚነበበው በጥርሱ አበላል ነው። ሻጭ ሊዋሽ ይችላል፣ ጥርስ ግን አይዋሽም።

ይኸው እውቀት ሳይንቲስቶችን ወደ አፋር ወስዷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ዲኪካ ላይ የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላትን ሕፃን አገኘ። «ሰላም» አሏት። ስንት ዓመቷ እንደነበር የታወቀው በልደት ካርድ አይደለም። የራስ ቅሏን በሲቲ ስካን ሲያዩት፣ ከወተት ጥርሶቿ በታች መንጋጋዋ ውስጥ ቋሚ ጥርሶቿ ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። ያልወጡ፣ በግማሽ የተሠሩ። የኋላ ጥናት ስትሞት ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ እንደሆናት ገልጿል። ይህን ያነበብኩ ቀን ስለ ሚጣ አሰብኩ። በሁሉም ሕፃን አጥንት ውስጥ አንድ ሰልፍ በጨለማ ተራውን ይጠብቃል። እናት አታየውም። ልጁም አያውቀውም።

*

ወደዚያች ማታ ልመለስ።

«እታለም፣ እስከ ነገ ምንም እንዳታደርጊ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ጎንደር ደወልኩ። ጓደኛዬ በዚያን ጊዜ ተመርቃ እየሠራች ነበር። ጥያቄዎቿን ዘረዘረች፤ እኔም ጽፌ ይዤ ለእህቴ መልሼ ደወልኩ። ፎቶ መላክ ስለማይቻል እህቴ በባትሪ መብራት የሚጣን አፍ እያየች ትነግረኛለች።

«ከፊት ጀምረሽ ቁጠሪ።»

«አንድ፣ ሁለት... አምስተኛዋ ናት። ጥቁር ናት፣ ተበልታለች። ከኋላዋ አንድ ትልቅ ነጭ ጥርስ አለ።»

75 ቁጥር። ከኋላዋ ያለው ነጩ፣ አዲሱ፣ የስድስት ዓመቱ መንጋጋ።

«ድዷስ?»

«አብጧል። ጉንጯም ሞቋል። ትኩሳት አላት መሰለኝ።»

ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ ድምፅዋ ተለወጠ። የተቦረቦረ የወተት መንጋጋ በጊዜው ከተደረሰበት ይታከማል፣ ይሞላል፣ በሽፋን ይያዛል። ጥሩው መንገድ እሱ ነበር። ግን ያን የሚሠራ ሰው ያለው ባሕር ዳር ነው፤ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። ልጅቷ ደግሞ ጉንጯ አብጧል፤ የጥርስ ቁስል ከአጥንት አልፎ ሲሰራጭ ቀልድ አይደለም።

«ሕይወቷ ከቦታው ይበልጣል» አለችኝ ጓደኛዬ። «ይነቀል።»

እናም ለእህቴ ደውዬ፣ ሃያ ዓመት እናቴን ስወቅስበት የኖርኩትን ቃል እኔው በአፌ አልኩት። «ይነቀልላት።»

ያን ሌሊት አልተኛሁም። እኔ ኢንጂነር ነኝ፣ መጽሐፉን አንብቤያለሁ፣ ቁጥሩን በቃሌ አውቃለሁ፣ የሚመክረኝ ሐኪም ስልኬ ላይ አለ። ያለኝ ምርጫ ግን እናቴ ከነበራት ምርጫ አልበለጠም። እሷ ምን ነበራት? ሌሊቱን ሙሉ የሚያለቅስ ልጅ፣ የኮሶበር ብርድ፣ ድንች የተሸጠበት ጥቂት ብር፣ መርፌና ጉጠት ያለው አንድ ክሊኒክ። አዝላኝ ነው የሄደችው። ጀርባዋ ላይ ሆኜ የነጠላዋ ሽታ ትዝ ይለኛል። ያንን ግን ስወቅሳት አስታውሼው አላውቅም።

*

አንድ ልዩነት ብቻ ነበረን፤ እኔ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አውቅ ነበር።

ጥርስ ሐኪሞች ቀድሞ በተነቀለ የወተት መንጋጋ ፋንታ የሚያስገቡት ትንሽ ነገር አለ። የኋላውን ጥርስ እንደ ቀለበት የሚያቅፍ ብረት፣ ከእሱ ወጥቶ ክፍተቱን አልፎ የፊቱን ጥርስ የሚነካ የሽቦ ቀለበት። ሌላ ሥራ የለውም፤ ቦታ ይይዛል። ብሬስ ከሚያስከፍለው ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው። ችግሩ ጊዜ ነው፤ ክፍተቱ በብዛት የሚጠበው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው።

ጓደኛዬ አንድ ዘዴ አመጣች። እህቴ ከደብተር ቀጭን ወረቀት ቆርጣ ክፍተቱ ላይ ታደርጋለች፣ በሁለቱም በኩል በእስክሪብቶ ምልክት ታደርጋለች፣ ከዚያ በሚጣ ማስመሪያ ትለካለች። በየወሩ መጀመሪያ። እኔም ቁጥሩን በስልክ ተቀብዬ እጽፋለሁ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ዳታቤዞች ትንሹ ነው፤ አራት መስመር ብቻ።

መጀመሪያ፦ 10 ሚሊ ሜትር።

በወሩ፦ «ያው ነው።»

በሁለተኛው፦ «ትንሽ ያነሰ ይመስለኛል። ዘጠኝ ተኩል በለው።»

በሦስተኛው ወር እህቴ ድምፅዋ ተሰበረ። «ስምንት ተኩል ሆነ። እኔ ነኝ በትክክል ያልለካሁት ወይስ...?»

«በትክክል ነው የለካሽው።»

እዚህ ላይ ሰውነታችን ያዘጋጀው አንድ ደግ ነገር አለ። የወተት መንጋጋዎች ከሚተኳቸው ቅድመ መንጋጋዎች ይሰፋሉ። የታችኛው ሁለተኛ የወተት መንጋጋ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ተተኪው 7 ገደማ ነው። በታችኛው መንጋጋ በአንድ በኩል፣ የሦስቱ ጥርሶች ልዩነት ተደምሮ በአማካይ 1.7 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። ይህ ትርፍ የክፉ ቀን ቁጠባ ነው። የሚጣ ቁጠባ በሦስት ወር ውስጥ ሊያልቅ ደርሶ ነበር።

በአራተኛው ወር መንገዱ ለጥቂት ቀናት ተከፈተ። እህቴ ሚጣን ይዛ ባሕር ዳር ወረደች። ሁለት ቀን አደሩ። ሲመለሱ ደወለችልኝ፤ ከጀርባ የሚጣ ድምፅ ይሰማል፦ «ብረት አለኝ! ብረት አለኝ!»

*

ባለፈው ዓመት አገር ቤት ገባሁ። ሚጣ ሮጣ መጣችና ሰላም ከማለቷ በፊት አፏን ከፈተችልኝ። ሽቦው አለ። ክፍተቱ አለ። ክፍተቱ ሥር፣ አጥንቷ ውስጥ፣ 35 ቁጥር እየተሠራ ነው፤ ገና ሁለት ሦስት ዓመት ይቀረዋል። ሁሉም ነገር ያምራል ብዬ አልዋሽም፤ ጥቂት ቦታ ጠፍቷል፣ ወደፊት የፊት ጥርሶቿ ትንሽ ሊጣበቡ ይችላሉ። በሩ ግን አልተዘጋም።

አያ ማዶ ሆኖ ሲያይ ቆየና ተነስቶ መጣ። ከንፈሯን በአውራ ጣቱ ገለጥ አደረገ፣ ልክ እንደ ገበያው።

«ዘጠኝ ዓመቷ ነው» አለ።

«ስምንት ከአሥር ወር ነኝ!» አለች ሚጣ ተቆጥታ።

ማታ ቡና ተፈልቶ፣ እናቴ ሦስተኛውን ስኒ ስታቀብለኝ ቀና ብላ ሳታየኝ ጠየቀችኝ። «እንደው ያኔ... ያንተን ጥርስ ያበላሸሁብህ እኔ ነኝ አይደል?»

እህቴ ነግራታለች ማለት ነው። እንኳን እናትና ልጅ፣ ምላስና ጥርስም ይጋጫል ይባላል፤ እኛ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሳንጋጭ ዝም ብለን ነው የኖርነው።

«እማዬ፣ ጥርሱ መነቀል ነበረበት» አልኳት። «ቦታ የሚይዝ ነገር እንዳለ ግን የነገረሽ አልነበረም። ቢነግሩሽ አዝለሽኝ ባሕር ዳር ትሄጂ ነበር።»

«በእግሬ እሄድ ነበር» አለች። ከዚያ ሌላ ምንም አላለችም፤ ስኒውን ግን ሞልታ ሰጠችኝ።

አሁን እኔም ብሬስ አስገብቻለሁ። አምስት ወር ሆነኝ። ጥርስ በየትኛውም ዕድሜ ይንቀሳቀሳል፤ የመንጋጋዬ እድገት ግን ስላበቃ ለልጅ የሚቀለው ለእኔ ይከብዳል። ለክራንቻዬ ቦታ ለመሥራት አንድ ጤነኛ ቅድመ መንጋጋ ተነቅሎልኛል። ሰባት ዓመቴ ላይ በአንዲት ሽቦ የሚጠበቅ ቦታ ነበር። ሲጨርስም ጥርሶቹ ወደ ነበሩበት እንዳይመለሱ ማታ ማታ የማደርገው መያዣ ይሰጠኛል፤ ለዓመታት።

ልጅ ወይም ታናሽ ወይም የእህት ልጅ ካላችሁ፣ ሰባት ዓመት ሲሞላው አፉን አንድ ሰው ይየው። የአሜሪካ የኦርቶዶንቲክስ ሐኪሞች ማኅበር የሚመክረውም ይህንኑ ዕድሜ ነው። ሐኪም ከራቀ እንኳ እናንተ እዩ፦ ከፊት ጀምራችሁ አምስት ቁጠሩ። ከአምስተኛው ኋላ ያለው ጥርስ የወተት አይደለም። አምስተኛው ከመነቀሉ በፊት «ይሞላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መነቀል ካለበትም «ቦታውን ማን ይይዘዋል?» በሉ።

ሚጣ በየሳምንቱ ትደውልልኛለች። ኢንተርኔቱ ተመልሷል፣ ቪዲዮ ነው። ካሜራዬም ተሠርቷል። ሁለታችንም ብረታችንን እናሳያለን።

«የኔ ቀድሞ ይወጣል» ትለኛለች።

«እንዳትቸኩዪ» እላታለሁ።